በሞቴ ተብሎ የመጣው እንግዳ

አንድ ነጋዴ በቀትር፣ ባሕር ላይ፣ ማንን ለምሳ እንደጠራ የነገረችኝ ጨው ቸርቻሪዋ እልፍነሽ ናት። እልፍነሽ ከባሏ እኅት ሰማች፤ የባሏ እኅት ደግሞ ለነጋዴው ሚስት ልብስ ታጥብ ነበርና ከራሷ ከሴትየዋ አፍ ነው የወሰደችው። እልፍነሽ ወሬ ላይ መጨመር ትወዳለች፤ ዕድሜዋ ላይ ብቻ ነው የምትቀንሰው። ይህን ስታወራ ግን በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። ስለዚህ እንደሰማሁት አስቀምጬዋለሁ፤ ያነበበ ያስብበት፣ ለሌላም ይንገር።

ነጋዴው አቶ ጓንጉል ይባላሉ። ከደጋ ወርደው በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ጨውና ቆዳ እየነገዱ የከበሩ ሰው ናቸው። በከተማው ውስጥ እንደሳቸው ሰው የሚጋብዝ አልነበረም። በረንዳቸው ላይ ምሳ ቀርቦላቸው ሳለ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ካዩ ገና ከሩቁ እጃቸውን ያነሣሉ።

«እንብላ! ና እንጂ፣ እንብላ!»

«ይባረክ ጌታዬ!»

«ኧረ በሞቴ!»

«በልቼ ነው የወጣሁት፤ ይባረክ!»

አላፊው ያልፋል፤ እሳቸው ወደ ትሪያቸው ይመለሳሉ። ምን አለፋችሁ፣ እንዲህ እያሉ በአገሩ ሁሉ ቸር ተብለው ስም ወጣላቸው። ሰው ይሉኝታ አለው አይደል? በመንገድ የተጠራ ሁሉ ዘው ብሎ አይገባም። አንዴ ሲሉት ይባረክ ይላል፣ ሁለተኛ ሲሉት በልቻለሁ ይላል፣ ሦስተኛ ሲለመን ነው እግሩን ወደ ደጁ የሚያነሣው። አቶ ጓንጉል ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ሦስተኛዋን ልመና ከአፋቸው አውጥተዋት አያውቁም።

ይህን ሁሉ በመስኮት የምታየው ሚስታቸው ትብለጥ ናት። አንድ ቀን የከተማውን ሰው ልማድ የማያውቅ፣ በረሃ ለበረሃ የመጣ ግመል ነጂ በመጀመሪያው «እንብላ» ቀጥ ብሎ ገብቶ ተቀመጠ። አቶ ጓንጉል ፈገግታቸው ሳይጠፋ «ትብለጥ፣ የቀረ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁ፤ በዓይናቸው ግን «የለም በይ» አሏት። እሷ ድስቱን እንዳለ አወጣች። ሰውየው ጠግቦ፣ መርቆ ወጣ። አቶ ጓንጉል ሳምንቱን ሙሉ ሚስታቸውን በነገር ጠዘጠዟት።

«አንቺ ሴት፣ ቤቴን ልታፈርሺ ነው?»

«አንቱ ጠሩት፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«መጥራት ሌላ፣ ማብላት ሌላ!»

ትብለጥ ድስቱን ማጠቧን ቀጠለች። ለምዳዋለች። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አይመቱም፣ አይሰክሩም፣ ስትታመም አጠገቧ ተቀምጠው የሚያድሩ ናቸው። ብቻ ከእጃቸው የሚወጣ ነገር ከሥጋቸው ተቆርሶ የሚወጣ ይመስላቸዋል።

ያን ሰሞን አንድ ፈረንጅ አገሩ ሊገባ ሲል ነጭ ባለሸራ ጀልባውን ሸጠላቸው። የዓሣ አጥማጅ ጀልባ እንዳይመስላችሁ። ለሽርሽር የተሠራ ነው፤ ወለሉ ፊት ያሳያል፣ በሆዱ ውስጥ መኝታና ጓዳ አለው። አቶ ጓንጉል ባሕር ሲያዩ ራሳቸውን የሚያዞራቸው ሰው ናቸው፤ ግን አሳብ ነበራቸው። ጠረፉን ይዞ ወደ ሰሜን ሲኬድ ሌላ ወደብ አለ፤ የዚያ ወደብ ሹም አዲሱን የጨው ማሳ ለማን እንደሚሰጥ ገና አልቆረጠም። በግመል አቧራ ለብሶ ከመድረስ በነጭ ጀልባ መድረስ ሌላ ነው። ለሹሙ አንድ ሙሉ ሙክት ተጠብሶ ክዳን ባለው ትልቅ ዕቃ ተቀመጠ፤ ድፎ ዳቦና አንድ ገንቦ ማር ተጨመረበት። ይህ ሁሉ ጓዳው ውስጥ ገባ፤ አቶ ጓንጉል «ማንም እንዳይነካው» ብለው በገዛ እጃቸው ሸፈኑት።

የሚነሡበት ቀን የከተማው ሰው ወደቡ ላይ ፈሰሰ። ለመሸኘት ነው ቢሉም ግማሹ የመጣው ትብለጥ ምን እንደለበሰች ለማየት ነው። ጥርት ያለ ነጠላ ነበር የለበሰችው፤ እግሯ ላይ ግን አዲስ ጫማ አድርጋ ነበርና ጀልባው በተነቃነቀ ቁጥር እንደ አጋሰስ ትንሸራተት ነበር። አንዷ አየችና ለጎረቤቷ ሹክ አለች፤ ሳቁ እስከ ዳር ሄደ።

አቶ ጓንጉል ምሰሶውን ተደግፈው እጃቸውን አነሡ።

«ኑ እንሂድ! ቦታው ሞልቷል! በሞቴ ኑ!»

«መልካም መንገድ! መልካም መንገድ!»

«ጋሼ ጓንጉል፣ እኔን ይውሰዱኝ እንጂ!» አለች አንዲት ዓሣ ሻጭ ዘንቢሏን ከፍ አድርጋ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ጓንጉል ገመድ የሚፈቱ መስለው ዞር አሉ፤ ገመዱ ግን ተፈትቶ ነበር።

አብሯቸው የተሳፈረው ይርዳው ብቻ ነው። ይርዳው የከተማው ወደብ ጸሐፊ ነው፤ ማንም ሳይጠራው ራሱን ጋብዞ ነው የመጣው፤ ከሹሙ ጋር አስተዋውቅዎታለሁ ብሎ። ጀልባውን የሚነዳው ሁመድ ነው፤ በዚያው ጠረፍ ተወልዶ በዚያው ያረጀ፣ ሲጠሩት እንጂ ሳይጠሩት የማይናገር ሰው። ሸራውን ዘረጋው፤ ነፋስ ገባበት፤ ጀልባዋ አንዴ ዘመም ብላ ተነሣች።

ትብለጥ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። የሞተር ጩኸት የለ፣ የፈረስ ኮቴ የለ፤ ውሃው ከሥር ሹሹ ይላል፣ ሸራው ጢም ብሎ ይወጠራል፣ ከተማው እነሱ ሳይንቀሳቀሱ ራሱ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። በግራ በኩል ጠረፉ ተዘርግቷል፤ ቡናማ ተራራ፣ ነጭ አሸዋ፣ ደግሞ ቡናማ ተራራ። ቤት የለም፤ ጭስ የለም። ፈራችም፣ ደስም አላት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች።

ረፋድ ላይ ሁመድ ቴምርና ቂጣ አወጣ። ሊበላ ሲል ጀርባውን ለየብስ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ፣ አቀርቅሮ በላ። ቃል አልተነፈሰም። የቀመሰውን እንኳ «ቅመሱልኝ» አላለም።

«አንተ ሁመድ፣ ለምን ዞረህ ትበላለህ? እኛን ተጸየፍከን እንዴ?» አለችው ትብለጥ።

«አይደለም እመቤቴ። እዚህ ጠረፍ ላይ የምንበላው እንዲህ ነው» አለና አፉን ጠራረገ። ሌላ ልትጠይቀው ስትል አቶ ጓንጉል «ትብለጥ! ክዳኑ እንዳይነቃነቅ እይልኝ!» ብለው ጠሯት፤ ወሬው በዚያው ቀረ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ነፋሱ ቆመ። ቀስ እያለ አልሞተም፤ በር እንደተዘጋበት ቆመ። ሸራው እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠለጠለ። ባሕሩ ዘይት መሰለ። ትብለጥን ከሁሉ ያስገረማት ዝምታው ነው፤ ውሃው የጀልባውን ጎን እንኳ መላስ ተወ። ወለሉ ላይ ጥላ ፈልጋ የራሷን ጥላ አጣችው፤ ቀትር ነበርና እግሯ ሥር ገብቶ ጠፍቷል።

ሁመድ ሰማዩን አየ፤ ጠረፉን አየ፤ ደስ አላለውም። «ከታች ያሉትን መቅዘፊያዎች ላውጣ» ብሎ ወደ ጀልባው ሆድ ወረደ።

«እስኪመጣ ምሳ እንብላ» አሉ አቶ ጓንጉል። ትብለጥ ቋንጣ ፍርፍሩን በትሪ አቀረበች። ከብበው ተቀመጡ።

ድንጋዩን ያየችው ያን ጊዜ ነው። ከጠረፉና ከነሱ መሐል፣ ውሃው ውስጥ፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ ወጥቷል። ዛፍ የለበትም። የባሕር ድንጋይ ሁሉ በወፍ ኩስ ይነጣል፤ ይህ ግን ትናንት የታጠበ ይመስል ጥቁር ነው፤ ወፍ አርፎበት አያውቅም። ድንጋዩ ላይ ነጭ ኩታ የለበሰ ሰው ተቀምጧል።

«ያ ሰው ነው?» አለች።

ይርዳው በመዳፉ ፀሐዩን ከለለ። «ዓሣ አጥማጅ ይሆናል።»

«ጀልባው የታለ?»

ይርዳው መልስ ሳይሰጥ አቶ ጓንጉል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልማድ ነው፤ ምሳ ቀርቦ ሰው ካዩ ሌላ ነገር ማድረግ አይችሉም።

«ወንድሜ! ና እንብላ!»

ድምፃቸው በውሃው ላይ ተንሸራቶ ሄደ። ሰውየው ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ይባረክ፣ ጌታዬ» አለ። አልጮኸም። ግን ጆሯቸው ሥር ሆኖ የተናገረ ያህል ሦስቱም ሰሙት።

«አማርኛ ይናገራል! የአገር ሰው ነው!» አለ ይርዳው እየሳቀ። «ጋሼ ጓንጉል፣ እርስዎ እኮ ባሕር መሐል እንኳ እንግዳ አያጡም! ይህን ለሹሙ ካልነገርኩ ምን አለ በሉኝ!»

አቶ ጓንጉል በዚህ ሞቅ አላቸው። «ኧረ ና! ብቻህን እዚያ ምን ታደርጋለህ?»

«በልቻለሁ፤ ይባረክልኝ።»

ጨዋ ሰው፣ ወጉን የሚያውቅ ሰው ነው። እዚህ ላይ ማቆም ነበር። ግን አቶ ጓንጉል በመሐላቸው ያለውን ውሃ አዩ። ጥልቅ ነው፤ ሰፊ ነው። ሰውየው ጀልባ የለውም። በዕድሜያቸው እንዲህ ወጪ የሌለው ግብዣ ገጥሟቸው አያውቅም። ቆሙ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ለይርዳው ጭምር እንዲሰማ አድርገው ሦስተኛዋን አወጧት።

«በሞቴ! አልበላም ብትል በሞቴ ቁም!»

ከታች የመቅዘፊያ መውደቅ ተሰማ። ሁመድ አንገቱን አወጣ። «ዝም ይበሉ ጌታዬ! ዝም ይበሉ!»

«እንግዲህ በሞትዎ ካሉኝ» አለ ሰውየው።

ትብለጥ ዓይኗን ጨፈነች እንዴ? እንጃ። ሲሄድ አላየችውም፤ ሲዋኝም አላየችውም። ድንጋዩ ባዶ ሆነ፤ ከጀርባቸው ደግሞ ለስላሳ ድምፅ «እንደምን ዋላችሁ» አለ።

ልማድ አስነሣት። «ኖር» አለች ብድግ ብላ።

«በእግዜር» የሚለውን መልስ ጠበቀች። አልመጣም። «አይነሡ፣ እመቤቴ» አለ ብቻ።

ኩታው ደረቅ ነው። ፊቱ የሰው ፊት ነው፤ መልከ መልካም እንኳ ነው። ይርዳው ወፍራም ስለሆነ በተነሣና በተቀመጠ ቁጥር ጀልባዋ ዘመም ትል ነበር፤ ይህ ሰው ሲቀመጥ ግን ንቅንቅ አላለችም። ትብለጥ እጁን ልታስታጥበው ማንቆርቆሪያውን አነሣች፤ አፈሰሰችለት። ውሃው በጣቶቹ መሐል ወረደ፤ ሳህኑ ውስጥ ግን አልደረሰም። ጨምራ አፈሰሰች። ሳህኑ ደረቅ ነበር።

ይርዳው ይህን አየና ሳቁ አፉ ላይ እንዳለ ቀረ።

እንግዳው በላ። ከፊቱ ያለውን ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ፣ አፉን ሳያንጫጫ በላ። ከሱ ሌላ ማንም እጁን አልዘረጋም፤ ሆኖም ትሪው ቶሎ ባዶ ሆነ። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ አቶ ጓንጉልን እያየ ተቀመጠ። ዓይኑን አይጨፍንም። ንፋስ የለም፤ ወፍ የለም፤ ፀሐይዋም ከአናታቸው ፈቀቅ አላለችም።

ትብለጥ ዕቃ የምታነሣ መስላ ወደ ጓዳው ወረደች። ሁመድን ጥግ ላይ ተኮራምቶ አገኘችው።

«ቀድመህ ለምን አልነገርከንም?»

«ምን ብዬ ልንገር? ሰው በሌለበት ሰው አትጥሩ ብዬ? እመቤቴ፣ እዚህ አገር ጡት የጣለ ሕፃን ያውቀዋል። የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።»

«ምንድን ነው የሚፈልገው?»

«ካልጠሩት አይመጣም። ጌታዬ ግን ጠሩት፤ ብላ ብለው በሞታቸው ማሉ። ከጠገበ መሐላው ይወርዳል፤ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሳይጠግብ ከተነሣ የማሉበትን ይዞ ይሄዳል።»

«ሞታቸውን?»

«አዎ» አለ ሁመድ ወለል ወለሉን እያየ።

«መጥገቡን በምን እናውቃለን?»

«እኔ ምን አውቄ! እኛ ጠርተን አናውቅም።»

ትብለጥ ባሏን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ ታች አስወረደችና የሰማችውን ነገረቻቸው። አቶ ጓንጉል አልተከራከሩም፤ ሳህኑን እሳቸውም አይተውታል። ፊታቸው አመድ መሰለ። በግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ከዚያ፣ ትብለጥ እንዳለችው፣ ፍርሃቱ በፊታቸው ላይ ጥቂት ቆየና ሒሳብ ተካው።

«ዳቦ ቆሎ አለ አይደል? እሱን አውጪለት።»

«ሙክቱን እናውጣ።»

«አብደሻል? የሹሙ እኮ ነው!»

«ኧረ አንቱ ሰውዬ! ሞትዎን የያዘ ሰው ከሹም ያንሳል?»

«ባዶ እጄን ሹም ፊት ልቁም? የጨው ማሳውስ? በዳቦ ቆሎ ሊጠግብ ይችላል፤ ምን ታውቂያለሽ?»

ዳቦ ቆሎው ወጣ። እንግዳው እያንዳንዱን ፍሬ በጥርሱ ቀስ እያደረገ ቆረጠመና ጨረሰ፤ ደግሞ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ድፎ ዳቦው ወጣ፤ መጀመሪያ ሩቡ፣ ቀጥሎ ግማሹ፣ በመጨረሻ ሁሉም። ማሩ ወጣ፤ አቶ ጓንጉል በማንኪያ ሲቀንሱለት ዋሉ፤ ገንቦው ባዶ ሆነ። ትብለጥ አንጀቷ አልችል ሲላት ከራሷ ስንቅ ቆርሳ ልታጎርሰው እጇን ዘረጋች። እንግዳው ፊቱን በአክብሮት መለሰ።

«አመሰግናለሁ እመቤቴ፤ የማሉት እሳቸው ናቸው።»

ይርዳው ቀስ ብሎ ወደ ጀልባው ጫፍ ሸሸ። «ጋሼ ጓንጉል» አለ ድምፁ እየሰለለ፣ «ያለውን ሁሉ ይስጡት። ለሹሙ እኔ እነግርልዎታለሁ። በባዶ እጅዎም ቢሆን እነግርልዎታለሁ።»

አቶ ጓንጉል ወርደው ዕቃውን ራሳቸው ተሸክመው አመጡት። ክዳኑ ሲነሣ የሙክቱ ሽታ ጀልባውን ሞላው። እንግዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። አቶ ጓንጉል ቢላዋ ያዙ፤ ከእግሩ ላይ ስስ አድርገው ቆረጡ። ደግሞ ስስ አድርገው ቆረጡ። ለሹሙ የሚቀርበውን ወገን እያዞሩ፣ የማይታየውን ወገን ብቻ እየላጡ ይሰጡታል። ቢላዋው ልኩን አልሳተም።

እንግዳው ጥቂት ከበላ በኋላ ጣቶቹን ሰበሰበ።

«ይበቃኛል» አለ። «ጠግቤያለሁ። ይባረክ።»

ጀልባዋ ላይ ያለ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። አቶ ጓንጉል ከሁሉ ቀድመው ተነፈሱ። ቢላዋውን አስቀመጡ፤ እጃቸው ወደ ክዳኑ ሄደ።

ትብለጥ ግን እንግዳውን እያየችው ነበር። ብዙ እንግዳ ያበላች ሴት ናት፤ በመስኮት ብዙ ሰው ያየች ሴት ናት። ጠግቤያለሁ ያለ ሰው ከትሪው ፈቀቅ ይላል። ይህ ሰው ፈቀቅ አላለም። ጣቶቹን ሰብስቧል፤ እጁን ግን አላነሣም፤ ከሥጋው በላይ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይዟታል። ወጉን የሚያውቅ እንግዳ ነው። ወጉን የሚያውቅ እንግዳ በመጀመሪያ ይባረክ ይላል፤ እስኪለመን ይጠብቃል።

«ይድገሙት» አለች በሹክሹክታ፤ ክርናቸውን ጎሸመች። «ይለምኑት! ገና ነው!»

«ራሱ ጠገብኩ አለ እኮ!»

«ለወጉ ነው! ጓንጉል፣ ለወጉ ነው ያለው! ሁልጊዜ ሰው ሲልዎት አያውቁም? አንዴ ብላ ይበሉት፤ ብላ፣ ያለኝ ሁሉ ያንተ ነው ይበሉት!»

በስማቸው ስትጠራቸው ያ የመጀመሪያው ነበር። አቶ ጓንጉል ሙክቱን አዩ። የሹሙ ወገን ሙሉ ነው፤ ምንም አልነካውም። አዙረው ቢያቀርቡት ማንም አያውቅም። የጨው ማሳው፣ ነጩ ክምር፣ የግመሉ ሰልፍ በዓይናቸው መጣ። እንግዳው እጁን እንደያዘ ይጠብቃል። ያ እጅ ምን ያህል እንደጠበቀ ትብለጥ መናገር አትችልም፤ የፀሐይዋ ጨረር አልተንቀሳቀሰምና በምን ትለካው።

ያን ጊዜ ትብለጥ በራሷ ሞት እንግዳውን ልትለምነው አፏን ከፈተች። «በሞ» ብላ ስትጀምር ሁመድ ነጠላዋን ከኋላ ጨመደደው። ባሏን አየች። ከሞታቸው ሙክቱን ያስበለጡ ሰው የሷን ሞት ምን ያደርጉበታል? አፏን ዘጋች። እልፍነሽ እንዳለችው፣ ትብለጥ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ወሬዋን ታቆምና ደጅ ደጁን ታያለች።

አቶ ጓንጉል ክዳኑን ከደኑ።

«ከጠገብክ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ ሳቅ ለማለት እየሞከሩ። «ደህና ግባ፣ ወንድሜ።»

እንግዳው የያዛትን እጅ መለሰ። አልተቆጣም። ተነሣ፤ ኩታውን አስተካከለ፤ ለሁሉም ጎንበስ አለ።

«ይስጥልኝ» አለ። «በደንብ ተስተናግጃለሁ።»

ሸራው ጧ ብሎ ተወጠረ። ነፋሱ በድንገት መጥቶ ጀልባዋን ሲገፋት ሁሉም የሚይዙት ነገር ፈለጉ፤ ቀና ሲሉ እንግዳው የለም። ትብለጥ ወደ ድንጋዩ ዞረች። ውሃ ነው። ከዚያ እስከ ጠረፉ ድረስ ውሃ ብቻ ነበር።

አቶ ጓንጉል ሳቃቸው ተመለሰ። እግራቸውን አንፈራጠው፣ ክዳኑን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ከጀልባው ጫፍ ላይ ፊታቸውን ወደሚሄዱበት አድርገው ተቀመጡ።

«አየሽ? ጠገብኩ ያለ ሰው ጠግቧል ነው! አንቺን ብሰማ ኖሮ ዛሬ ባዶዬን ነበርኩ!»

ትብለጥ ባዶዎቹን ዕቃዎች ሰበሰበች። ይርዳው አልሳቀም። ሁመድ መሪውን ይዞ ወደ ኋላ ሳያይ ነዳ። ፀሐይዋ መውረድ ጀመረች፤ ወፎች መጡ፤ ጠረፉ ላይ ጭስ ታየ፤ ከዚያ የወደቡ ነጫጭ ቤቶች ብቅ ብቅ አሉ። አቶ ጓንጉል ቤቶቹን ሲያዩ «ደረስን!» አሉ፤ የመጨረሻ የሰሟቸው ይህን ነው። ሹሙ ራሱ ከነአጀቡ ወደቡ ላይ ቆሞ ነበር፤ ነጩን ጀልባ ሲያይ ደስ ብሎት እጁን አነሣ።

«እንኳን ደህና መጡ! ይውረዱ እንጂ፣ ማዕድ ቀርቧል፣ እንብላ!»

አቶ ጓንጉል አልተነሡም። ትብለጥ ከኋላ ቀረበቻቸው። ነፋሱ የኩታቸውን ጫፍ ያርገበግበዋል፤ ፈገግታቸው እንዳለ ነው። አንዲት ዝንብ ዓይናቸው ላይ አርፋ ትሄዳለች፤ ዓይናቸው ግን አልተከደነም።

አንባቢ ሆይ፣ አቶ ጓንጉል የሞቱት ስለጋበዙ አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቸር የሆኑት በራሳቸው ሀብት ሳይሆን በሰው ይሉኝታ ነው። አላፊው ይባረክ ብሎ እስካለፈ ድረስ ቸርነት ምንም አይከብድም፤ ሰው ሁሉ ይችለዋል። የማይፈልጉትን ሰው ሦስት ጊዜ ለመኑ፤ መለመን ባስፈለጋቸው ሰዓት ግን አንዲት ልመና አቃታቸው። ያልሆነውን ማለት የለመደ አፍ፣ የሆነውን ማለት ሲያስፈልገው አይታዘዝም። እኛስ ሰው ስንጠራ እንዲመጣልን ፈልገን ነው ወይስ እንደማይመጣ ተማምነን?

አቶ ጓንጉል በዚያው ወደብ ተቀበሩ። ሙክቱን ለቀስተኛ በላው። የጨው ማሳው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይርዳው በግመል ወደ ከተማው ተመልሶ፣ ዝውውር ጠይቆ፣ ደጋ ገባ። ሁመድ ዛሬም በዚያ ጠረፍ ጀልባ ይነዳል። ትብለጥ ነጩን ጀልባ ሸጣ ቤቷ ተመለሰች፤ የባሏን ንግድ ያዘች፤ ሌላ ባል አላገባችም።